ተራ ቤት

"ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ውስጥ መብራት የሚያበራው ማነው?" አሉ እትዬ ትራይን፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው።

ዱርክ ሊጎርሰው የነበረውን የስኳር ዳቦ ወደ ሳህኑ መለሰ። ወረቀቱን አትሞ ያመጣላቸው እሱ ነው። የቤታቸው የሃያ አራት ሰዓት የመብራት ፍጆታ በሰማያዊ መስመር ተስሎበታል። ከመስመሩ ሥር የመጪው ዓመት ሂሳብ ግምት አለ፤ ባትሪ ካልገዙ ይህን ያህል፣ ከገዙ ይህን ያህል ይላል።

"ማንም አያበራም እትዬ። ግምት ነው። ፕሮግራሙ ነው የሚገምተው።"

"ፕሮግራሙ እኔን ያውቀኛል?"

"አያውቅዎትም።"

"ታዲያ ምን አግብቶት ነው ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ? እኔ ማታ ሁለት ሰዓት ከተኛሁ ጣሪያው ቢነሳ አልሰማም። የውሃ ማፍያውን እንኳ ሶኬቱን ነቅዬ ነው የምተኛው።"

ዱርክ ፈገግ አለ፤ እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኖቬምበር ወዲህ እንዲህ ሆኗል፤ የትም ቢቀመጥ እግሩ አርፎ አይቀመጥለትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከየእርሻው ወተት የሚሰበስብ ቦቴ ነድቷል፤ አሁን የሚነዳው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ የመንደሩ ሂሳብ ገማች እሱ ነው። የሾመው የለም። ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አውርዶ ብቻውን ስለተማረው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል።

በዚህ ዓመት ደግሞ ያልመጣ የለም። እስካሁን በፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር መንደሮች ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ሰው ቀን ለመስመሩ የሰጠውን መብራት ማታ በነጻ መልሶ ይወስድ ነበር። ከመጪው ጃንዋሪ ጀምሮ ይህ ይቀራል። ቀን የሚሸጡት በርካሽ፣ ማታ የሚገዙት በውድ ይሆናል። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ባትሪ ነው፤ ቀን ሞልቶ ማታ የሚያበላ ባትሪ። አሥራ አራት ቤቶች በቅናሽ አንድ ላይ ሊገዙ ተመዝግበዋል። የሁሉንም የገመተው ዱርክ ነው፤ ለሁሉም ፕሮግራሙ የመለሰው መልስ አንድ ነው፦ ትልቁን ባትሪ ግዙ። የሚፈርሙትም ዛሬ ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በመንደሩ አዳራሽ ነው።

"ስማኝ ዱርክዬ" አሉ እትዬ ትራይን። "ስድስት ሺህ ዩሮ ነው የምታስወጣኝ። ለቀብሬ ያስቀመጥኩትን ነው የማወጣው። ከባትሪው ጋር አንድ ላይ ልትቀብሩኝ ካሰባችሁ ንገሩኝ።"

"ሌሊት ብዙ መብራት ስለሚጠቀሙ እኮ ነው ትልቁ የሚያዋጣው።"

"አልጠቀምም አልኩህ። ና ላሳይህ።"

ተነስተው በኮሪደሩ አልፈው የሽንት ቤቱን በር ከፈቱለት። "ግባ። እኔ እዚህ እቆማለሁ፤ ሁለት ሰው አይችልም።"

ከመቀመጫው ፊት ለፊት፣ እንደ ማንኛውም የአገሩ ቤት፣ የልደት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የዘመድ፣ የጎረቤት፣ የልጅ ልጅ ልደት የሚጻፍበት፣ ዓመት የሌለው፣ ሃያ ዓመት ቢሰቀል የማያረጅ። ከስሞቹ ጎን ግን በየቀኑ ሁለት ሁለት ቁጥር በእርሳስ ተጽፏል።

"ቆጣሪው እዚሁ በር ላይ ነው" አሉ ከውጭ። "ማታ ልተኛ ስል አየዋለሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ አየዋለሁ። ምን ሥራ አለኝ። አዲሱን ቆጣሪ ያላስገባሁት ለምን ሆነና? ይሄ ቀን ቀን ወደ ኋላ ሲሽከረከር ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው።"

ዱርክ የማታውን ከጠዋቱ ቀነሰ። ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የትናንትናውም እንደዚያው፣ የትናንት በስቲያውም። ወደ ፌብሩዋሪ ገለበጠ፤ ያው ነው። እጁ ላይ ያለው ወረቀት ሌሊቱን ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ይላል፤ ከአራት እጥፍ በላይ።

ወደ ማርች መለሰው። ሃያ ሁለት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ሚንከ" ተብሎ ተጽፏል። አልተሰረዘም። ቀኑ ገና ስለሆነ ከጎኑ ያለው የእርሳሱ ቦታ ባዶ ነበር።

ሲወጣ እትዬ ትራይን ፊቱን አዩት። "ምነው?"

"ቁጥሩ ልክ አይደለም።"

"የኔ ነው ያንተ?"

"የኔ።"

"እንግዲያው ሂድና አስተካክል። ዳቦህን ግን ጨርስ፤ ከስተሃል።"

ዳቦውን በኪሱ ከትቶ ወጣ።

ቤቱ ከቦዩ ማዶ ነው፤ በድልድዩ በኩል በብስክሌት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነፋሱ ግን ፊት ለፊት ነበር። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጠራ። ሲብረን ነው፤ የላም እርባታ ባለቤትና የመንደሩ የኃይል ማኅበር ሊቀ መንበር።

"የት ነህ አንተ? ኬኩ መጥቷል። ሮዝ ቅባቱ ግማሹ የመኪናዬ ወንበር ላይ ቀርቷል።"

"ሲብረን፣ አንድ ነገር አለ።"

"ዛሬ አንድ ነገር አትበለኝ።"

"ግምቱ ላይ ችግር ሳይኖር አይቀርም።"

ከሲብረን በስተጀርባ ላም ጮኸች። "ዱርክ፣ የባትሪው ሻጭ ከሊዋርደን ተነስቷል። ከአሥራ ሁለት ፊርማ ካነሰ ቅናሹ ቀረ። ስድስት ወር የሮጥኩበት ነው። ትንሽ ችግር ነው ትልቅ?"

"ቤት ገብቼ ልየው።"

"እየው። ትንሽ አድርገህ እየው።"

ቤት ሲገባ ኮቱን አላወለቀም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ቆሞ ጠበቀ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ። ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚገምት ከማንም በላይ ያውቃል። እያንዳንዱ ቤት በየሰዓቱ ስንት እንደተጠቀመ ይፈልጋል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ገሚሱ አዲሱን ቆጣሪ አላስገባም፤ ያስገባውም "ስንት ሰዓት ገላዬን እንደምታጠብ ለሰው አላሳይም" ብሏል። ስለዚህ ዱርክ ለፕሮግራሙ አንድ ናሙና ቤት ሰጠው። ፕሮግራሙ የናሙናውን ቀንና ሌሊት ወስዶ፣ እንደየሰዉ የዓመት ድምር እየለጠጠና እያጠበበ ለአሥራ አራቱም አለበሳቸው። የዓመቱ ድምር የየራሳቸው ነው፤ የሰዓቱ ቅርጽ ግን የናሙናው።

ናሙናው የእሱ ቤት ነበር። የዓመት ሙሉ መረጃ እጁ ላይ የነበረው የዚያ ቤት ብቻ ነው፤ ከኖቬምበር እስከ ኖቬምበር። ሲያስቀምጠው ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም ጠየቀው። ዱርክ ብዙም ሳያስብ "ተራ ቤት" ብሎ ጻፈ።

አሁን ከፈተው።

መስመሩ ከታች አይነሳም። የማንኛውም ቤት መስመር ሌሊት ወርዶ መሬት ይነካል፤ ማቀዝቀዣው ብቻ እየነቃ ይተኛል። የዚህ ቤት መስመር ግን ጉልበት በሚያህል ከፍታ ላይ ተንሳፍፎ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በጋም ክረምትም ወለሉን ሳይነካ ይሄዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ በየቀኑ አንድ ትንሽ ጉብታ አለችው።

ዱርክ ተቀመጠ።

ያ ከፍታ የኦክስጅን ማሽኑ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ የሚስቱ የሚንከ አልጋ ከመጣ በኋላ ቴሌቪዥኑ በነበረበት ቦታ ቆሞ፣ እንደ ቦቴው ሞተር ያለማቋረጥ ያጓራ ነበር። ቱቦው አሥራ ሁለት ሜትር ነበር፤ እስከ ኩሽናው መስኮት ያደርሳታል፣ ወደ ግቢው ግን አያስወጣትም። ኢንሹራንሱ የማሽኑን መብራት ይከፍል ስለነበር ቅጽ መጣላቸው፦ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ዱርክ ሃያ አራት ብሎ ጻፈ። ሚንከ ከአልጋዋ ሆና ቅጹን ተቀብላ አየችውና "እኔ በወር ስንት እበላለሁ ማለት ነው?" አለችው። እየቀለደች ነበር። እሱ ግን ቀልዱን ከምር ወሰደው። ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ፕሮግራሙን ያወረደው ያን ቀን ነው። ማሽኑን መዘገበ፤ ቁስል እንዳይወጣባት የሚነፋውን ፍራሽ ሞተር መዘገበ፤ እግሯ ስለሚበርዳት ከአልጋው ሥር ያስቀመጠውን ማሞቂያ መዘገበ። "በአበላል ከሲብረን ላሞች ትሻያለሽ" አላት ሲጨርስ። እስክትስል ሳቀች፤ ከዚያ ስላሳቃት ተቆጣችው።

ጉብታዋ እሱ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ ኩሽናውን ያበራል፣ ወተት ያሞቃል፣ ወደ ሌላው ጎኗ ያገላብጣታል። አንድ ቀን እንኳ አላለፈውም። ጉብታዋ እንደምትለው አንድ ቀን እንኳ።

ይህንን ነው "ተራ ቤት" ያለው። ስሙን ሲጽፍ ውሸት እየጻፈ አልመሰለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የኖረው እንዲህ ነበርና ቤት ማለት ይሄ መስሎት ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ቤት፣ የመምህሯ ቤት፣ የሲብረን ቤት፣ የእትዬ ትራይን ቤት፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍስ ማሽን ገብቶላቸዋል። ከነዚያ ሰዎች ስድስቱ የሚንከን የሬሳ ሳጥን ተሸክመው፣ እንደ ወጉ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ የዞሩ ናቸው። ዱርክ ያመጣላቸውን ቁጥር አንዳቸውም መልሰው አላሰሉትም። ሀዘንተኛ ሠርቶ ያመጣውን ማን ይመረምራል?

ተነሳ። ውሃ ጣደ፣ ሳይፈላ አጠፋው። ሰዓቱ ስምንት ነው። ዝም ቢልስ? ባትሪ መጥፎ ነገር አይደለም፤ መብራት ያስቀምጣል። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ፣ ኬክ ይበላሉ። ከእትዬ ትራይን በቀር ማታና ጠዋት ቆጣሪ የሚያይ የለም፤ ለእሳቸው ብቻ "ለእርስዎ ትንሹ ይበቃል" ብሎ ስማቸውን ቢያወጣ አሥራ ሦስት ይቀራል፣ ቅናሹም አይነካም። ይህን አስቦ ሳሎኑን ሁለቴ ዞረ። አልጋው የነበረበት ቦታ ምንጣፉ አሁንም አራት ጉድጓድ አለው። አንዱን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ።

ፕሮግራሙ ከአንድ ቤት ዕቃ መቀነስ ያውቃል። ስሙን፣ ጉልበቱንና የሚሠራበትን ሰዓት ይጠይቃል፤ ያወጣልሃል። የፍራሹን ሞተር አወጣ፤ መስመሩ የማይታይ ያህል ዝቅ አለ። ማሞቂያውን አወጣ፤ ክረምቱ ቀለለ። የሌሊቱን ወተት አወጣ፤ ጉብታዋ ጠፋች። ማሽኑን የመጨረሻ አደረገው። ሃያ አራት ብሎ ሲጽፍ እጁ ቅጹን አስታወሰ። ቁልፉን ሲጫን መስመሩ በአንድ ጊዜ ወርዶ ወለሉ ላይ ተኛ። ማሽኑን ሰዎቹ መጥተው በወሰዱበት ማታ ቤቱ እንዲሁ ነበር ጸጥ ያለው፤ ያን ሌሊት ከጸጥታው የተነሳ እንቅልፍ አልወሰደውም።

የእትዬ ትራይንን ቤት እንደገና አስገመተ። ሌሊቱ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በታች ሆነ፤ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቁጥር። ትልቁ ባትሪ በዕድሜው ሙሉ ዋጋውን አይመልስም። ሌሎቹንም፣ በየቤታቸው የሚያውቀውን ልዩ ዕቃ እየጨመረ፣ አንድ በአንድ አስገመተ። ከአሥራ አራቱ ለአሥራ አንዱ መልሱ አትግዙ ሆነ።

ሲብረን ዘጠኝ ተኩል ላይ በሩን ሳያንኳኳ ገባ፤ ፕሮጀክተሩን እንደ ጥጃ አቅፎታል።

"ኮምፒውተርህን ልወስድ ነው የመጣሁት። ትንሽ ሆነ?"

"ትልቅ ነው።"

ዱርክ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት፤ የድሮውንና የአሁኑን። ሲብረን ቆሞ አነበበ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ አነበበ።

"የኔም ነው?"

"አንተን ማለቢያ ማሽን ስላለህ ያዋጣሃል። ጋጋሪውም ሌሊት ስለሚጋግር፣ የመምህሯም ቤት በኤሌክትሪክ ስለሚሞቅ ያዋጣቸዋል። ሌሎቹን አያዋጣቸውም።"

"ሦስት ፊርማ።" ሲብረን ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። "ምን ነክቶት ነው እንዲህ የገመተው?"

ዱርክ ቀና አለ። የሚንከ ቱቦ ይንጠለጠልበት የነበረው መንጠቆ ከሲብረን ራስ በላይ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ።

"ናሙናው የኛ ቤት ነበር" አለ። "ያምናው።"

ሲብረን ነገሩ ሲገባው ወደ ወረቀቱ እንጂ ወደ ዱርክ አላየም።

"እሺ" አለ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስማ። የፕሮግራም ስህተት ነው በል። አዲስ ነው፣ ተሳስቷል፣ አለቀ። ማን ይጠይቅሃል? ማሽን መሳደብ የማይወድ ሰው የለም። እኔም አብሬህ እሰድበዋለሁ።"

"ፕሮግራሙ አልተሳሳተም።"

"ቢሰደብ ምን ይሆናል? አያለቅስ።"

"የሰጠሁትን ነው የመለሰልኝ ሲብረን።"

"አውቃለሁ። ግን ያንን ሁሉ ሰው ፊት ቆመህ..." ሲብረን ቃሉን አልጨረሰውም። ቆቡን መልሶ ደፋ። "እንዳሻህ አድርግ። ኮምፒውተሩን ግን አንተ ያዝ፤ የኔ እጅ ቅባት ነው። ሮዝ ቅባት።"

አዳራሹ ሲደርሱ ሰዉ ኬክ ይዞ ቆሞ ነበር። የባትሪው ሰውዬ ውሎቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ላይ እስክሪብቶ አለ። እትዬ ትራይን የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ። ዱርክ ሲያልፍ በክርናቸው ጎሰሙት።

"ነቅዬ አመጣሁት። የሚጠራጠር ካለ ይየው፤ ከየት እንደነቀልኩት ግን አትንገር።"

ሲብረን ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ከመፈረማችን በፊት ዱርክ አንድ ነገር ይላል" አለና ሄዶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ሰዉ ተቀመጠ። ዱርክ ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘ። "የፕሮግራም ስህተት" የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲለማመደው ነው የመጣው። ግድግዳው ላይ የፋይሎቹ ዝርዝር ወጣ፤ አሥራ አራት የቤተሰብ ስም፣ ከሁሉም በላይ "ተራ ቤት"።

"ተራ ቤት የማነው?" አለ ጋጋሪው ከኋላ። "የኔ ከሆነ ተሰድቤያለሁ።"

አንዳንዶቹ ሳቁ። ዱርክ ፋይሉ ላይ ተጫነ፤ ስሙ ሊስተካከል ተከፈተ። ፋይሉ መጥፋት ነበረበት፤ ቤት እያለ ሊያጠፋው አስቦ እጁ እምቢ ብሎታል። አሁን "ተራ" የሚለውን አጠፋ። በምትኩ የጻፈውን፣ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ፊደል በፊደል አነበበው፦ "የሚንከ ቤት"።

ሳቁ ቆመ። በሩ አጠገብ ሲብረን መሬቱን ያያል።

ዱርክ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረ። እግሩ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ቢሆንም ወንበሩን ይዞ ቆመ።

"እትዬ ትራይን፣ ቅድም ጠይቀውኝ ያልመለስኩልዎት ነገር አለ" አለ። "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤትዎ ውስጥ መብራት የምናበራው እኔና ሚንከ ነን።"